ሥራው ተገኘ፤ ቤቱስ የት ይሁን?

በየዓመቱ ክረምቱ ሲጋመስ ከየዩኒቨርሲቲው የተመረቁ ወጣቶች፣ ከየክልሉም የዝውውር ደብዳቤ የደረሳቸው ሠራተኞች አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ይገባሉ። የቅጥሩ ደብዳቤ በኪስ ነው፤ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ተቆርጧል፤ የመሥሪያ ቤቱም አድራሻ ይታወቃል። የማይታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማታ የሚገባበት ቤት ነው። አክስት ወይም አጎት ያለው ሰው ለሁለት ለሦስት ሳምንት ከዚያ ያርፋል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአክስት ፊት እንደ መጀመሪያው ቀን እንደማይፈካ የታወቀ ስለሆነ፣ ቤት ፍለጋው ይጀመራል።

ቤት ፈላጊው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ኪራዩ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ሌላ ምን ሊጠይቅ ይችላል? ነገር ግን እኛ እንደምናየው ይህን የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የት ነው?» የሚለው ነው። አንድ ክፍል ቤት ርካሽ መስሎ ውድ፣ ውድ መስሎ ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህም ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ ነው። ከዚህ ላይ ኪራይ ይወጣል፤ ምግብና ትራንስፖርት ይወጣል፤ ለወላጆች የሚላከው ጥቂት ገንዘብ አለ፤ በየወሩ የማይቀረው የሠርግና የለቅሶ መዋጮም አለ። አሁን በከተማው ዳር ያለው ክፍል ከመኻል ከተማው በ3,000 ብር ይረክሳል እንበል። ወጣቱ ደስ ብሎት ዳር ይገባል። ነገር ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታም አንድ ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ ቢያጠፋ፣ በወር ሃያ ሁለት የሥራ ቀን ብንቆጥር 66 ሰዓት ይሆናል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲታሰብ ከስምንት ቀን በላይ ነው። ያተረፈው 3,000 ብር ለ66 ሰዓት ሲካፈል ደግሞ ለአንዱ ሰዓት አርባ አምስት ብር ያህል ይደርሰዋል። መሥሪያ ቤቱ ያንኑ የሰውዬውን ሰዓት ስልሳ አምስት ብር ያህል ሲገዛው፣ እርሱ ግን ለመንገዱ በአርባ አምስት ብር ሸጠው ማለት ነው። የታክሲው ሒሳብ ገና አልተጨመረም።

ይህን ሒሳብ ያሳየነው አንድ ወጣት ሠራተኛ ሳቅ ብሎ፣ «ሰዓት አይበላም፤ ብሩ ግን ይበላል» ሲል መለሰልን። እውነቱን ነው። ደመወዙ እስከ ወሩ መጨረሻ የማይዘልቅ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፤ የቤት ምርጫ ለባለ ሀብት እንጂ ለጀማሪ ሠራተኛ አይደለም የሚሉም አሉ። እኛ ግን ምርጫው ሲጠብ ማሰቡ ይበልጥ ያስፈልጋል እንላለን። ያ ወጣት በማታው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር አስቦ ነበር። አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲደርስ መጽሐፍ የሚይዝበት ጉልበት የለውም። የርካሹ ቤት ኪራይ በዚህ በኩልም ይከፈላል።

የአዲስ አበባ ሰፈሮች እንዴት እንደተፈጠሩ ለማያውቅ እንግዳ የከተማዋ አቀማመጥ ግራ ያጋባዋል። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን ያስታውሳል። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እያንዳንዱ መኰንን በአንድ ኮረብታ ላይ ድንኳኑን ተከለ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው በዙሪያው ሰፈረ። ራስ መኰንን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ባለ ሀብቱና ድኻው በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ አጥር ሥር ይኖሩ ነበር። የውጭ አገር ከተሞች ብዙ ጊዜ የሀብታም ሰፈርና የድኻ ሰፈር ተብለው የተከፈሉ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ግን በባሕርይዋ ድብልቅ ከተማ ሆና አደገች።

ለወጣት ሹማምንት የሚገርማቸው የካዛንቺስ ታሪክ ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት በአምስቱ ዓመት ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ ድርጅት ነበረው፤ የድርጅቱ ስም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዛ» ማለት ቤት ነውና «የኢንቺስ ቤቶች» የተባለው ስም በከተማው ሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ የሰፈሩ ስም በቀጥታ ሲፈታ የመንግሥት ሠራተኛ መኖሪያ ማለት ነው። ዛሬ ግን አንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዙ ብቻ እዚያ ልከራይ ቢል፣ ደላላው ከእግሩ እስከ ራሱ አይቶት ያልፋል።

በኋላም የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ዝቅ ያለው ቤቶች በቀበሌ፣ ከፍ ያለው በኪራይ ቤቶች አስተዳዳሪ ድርጅት ሥር ዋሉ። አዋጁ ያስከተለው ብዙ ነገር አለ፤ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንዱ ነው። ድኻው በመኻል ከተማ በጥቂት ብር እንደ ተከራየ ቀረ፤ ከጓዳው ወይም ከበረንዳው ላይ አንድ ክፍል ቀንሶ ለተማሪና ለጀማሪ ሠራተኛም አከራየ። ብዙ የዛሬ ባለሥልጣን ከክፍለ ሀገር መጥቶ የመጀመሪያ ደመወዙን የበላው በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው።

ያ በር አሁን እየጠበበ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ግንባታ ተነሥተዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ አምሯል፤ ለእግረኛውም የእግር መንገድ ተሠርቶለታል። ይህን ማንም አይክድም። ከዚያ የተነሡት ነዋሪዎች ግን አብዛኞቹ ወደ ከተማው ዳር ወደ ተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሄዱ፣ ያከራዩአቸው የነበሩት ትንንሽ ክፍሎችም አብረው ጠፉ። ስለዚህ አዲስ ገቢ ወጣት ቀድሞ ታላቅ ወንድሙ የተከራየበትን ሰፈር ስም ይዞ ቢመጣ ሰፈሩን ላያገኘው ይችላል። አሁንም በአሮጌ ሰፈር ክፍል ያገኘ ሰው፣ ሰፈሩ ለልማት የታቀደ መሆን አለመሆኑን ከጎረቤት ጠይቆ ይግባ፤ ጎረቤት ከወረዳው ቀድሞ ያውቃል።

ታዲያ ወዴት ይኬድ? በኛ አስተያየት መነሻው ካርታ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ በር ነው። ከዚያ በር ላይ ቆሞ በአንድ ታክሲ ወይም በአንድ አውቶቡስ ያለ ማቋረጥ የሚደረስባቸውን ቦታዎች መቁጠር ይገባል። ኪሎ ሜትር እዚህ ላይ ብዙ ትርጉም የለውም። በአዲስ አበባ ሰውን የሚያደክመው ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ቅያሪው ነው። አንድ ጊዜ መሳፈር አንድ ሰልፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ መሳፈር ሁለት ሰልፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ሰውዬው መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ የቀኑን ሥራ ጨርሶ የመጣ ይመስለዋል። በጠዋት በመገናኛ፣ በሜክሲኮ ወይም በሳሪስ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው የምንለው ይገባዋል።

ሥራው አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ የሆነ ሰው ዓይኑን ወደ ሰሜን ቢያነሣ አይጸጸትም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቀበና፣ ቤላ ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ቅርብ ናቸው፤ ጉልበት ያለው ወጣት ጠዋት ቁልቁል በእግሩ ይወርዳል። ማታ ዳገቱ አለ፤ ብርዱም አለ። የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሚያስለብሰው ማታ አቃቂ በሸሚዝ የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አንድ ብርድ ልብስ ይጨምራል።

ምሥራቁ ረዥም ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላና በሲ ኤም ሲ አድርጎ እስከ አያት ይደርሳል፤ በጎኑም ሰሚት፣ የካ አባዶና ሌሎችም የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች አሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ አገልግሎት ሲጀምር አንደኛው መስመር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮና በልደታ አልፎ ጦር ኃይሎች የሚደርስ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ባቡሩን አስቦ ቤት ተከራየ። ከጊዜ በኋላ ግን በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር እየቀነሰ ሄደ፤ ሰልፉም ረዘመ። ከዚህ የምንረዳው በአንድ ዓይነት መጓጓዣ ብቻ ተማምኖ ሰፈር መምረጥ የማያስተማምን መሆኑን ነው። ባቡሩ ቢቀር አውቶቡስ፣ አውቶቡሱ ቢቀር ታክሲ የሚገኝበት ቦታ ይሻላል።

በደቡብ በኩል ሳሪስና ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን አገር ናቸው፤ ከባድ መኪና ይበዛባቸዋል፤ ነገር ግን ሥራቸው እዚያው ለሆነ፣ ወይም በቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩ እንደ ቱሉ ዲምቱ ያለ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ዳር ሳይሆን መኻል ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ዳርና መኻል የሚባለው ከምኒልክ አደባባይ ተለክቶ ሳይሆን ከራስ የሥራ ቦታ ተለክቶ መሆን አለበት። በአንጻሩ አራት ኪሎ እየሠራ ቱሉ ዲምቱ የሚያድር ወዳጅ አለን፤ ስለርሱ ብዙ ባንናገር ይሻላል፤ በሥራ ቀን አግኝተነው አናውቅም።

ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ፣ አየር ጤና በደቡብ ምዕራብ ያሉት ወደ ሜክሲኮና ወደ ልደታ ለሚሠሩ ይመቻሉ። ለቦሌ ሠራተኛ ገርጂና ጎሮ ይቀርባሉ፤ ኪራዩ ግን ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላው ይለዋወጣል።

የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ የተመደቡ አውቶቡሶች ጠዋትና ማታ በተወሰነ መስመር ይሠራሉ፤ መታወቂያውን ያሳየ ሠራተኛ ያለ ክፍያ ይሳፈራል። እንግዲህ ቤት ከመከራየት በፊት የመሥሪያ ቤቱን ነባር ሠራተኞች «አውቶቡሱ በየት በኩል ያልፋል? ስንት ሰዓትስ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ደግሞ ኃላፊዎች አይደሉም፤ ተላላኪዎች፣ መዝገብ ቤቶችና ጸሐፊዎች ናቸው። ኃላፊው በመኪና ይመጣል።

ሰፈሩ ከተመረጠ በኋላ የቤቱ ዓይነት ይመጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለተከራይም አዲስ ገበያ ከፍቷል። ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች የባንክ ዕዳቸውን ለመክፈል ቤታቸውን ያከራያሉ። ስቱዲዮ የሚባለው ትንሹ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ባለ ሁለት መኝታውን ሦስት ጓደኛሞች ተካፍለው ይይዙታል። የራስ በር፣ የራስ መጸዳጃ፣ የራስ ቆጣሪ መኖሩ ትልቅ ነጻነት ነው። ዳሩ ግን አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም፤ ውሃም በፈረቃ ሲመጣ ላይኛው ፎቅ ለመድረስ ኃይል ያጣል። አራተኛ ፎቅ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ተከራዩ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን የሚወጣ ራሱን በዓይነ ኅሊናው ይመልከት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አከራዩን መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ አከራይ ሁሉ «ውሃ እንኳ ችግር የለም» ይላል። ደረጃው ላይ ባዶ ጀሪካን ተሰልፎ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው በግቢ ውስጥ የሚገኘው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራ ሰርቪስ ነው። እኛ ለዚህኛው ትንሽ እናዳላለን። ግቢው ሰው አለበት፤ ሲታመሙ ውሃ የሚያቀብል አለ፤ በዓል ሲሆን ቡናና ዳቦ ይላካል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለከተማ ብቸኛ በተለይ እውነት ነው። ነገር ግን ግቢው ሕግ አለው። በሩ ማታ በሦስት ሰዓት ይዘጋል። እንግዳ አያድርም፤ አንዳንድ ቦታም አይገባም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ካውያና ምጣድ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ቆጣሪው አንድ ነው፤ የመብራቱ ሒሳብ በሰው ቁጥር ይካፈላል። አንዳንዷ እመቤት የተከራይዋ አምፖል ከአራት ሰዓት በኋላ ሲበራ ካየች «አንተ ልጅ፣ ዛሬም አልተኛህም?» ብላ በመስኮት ትጣራለች። የሚያነብ ሰው ይህን ይወቅ። «እትዬ፣ ሥራዬ ንባብ ነው፤ ለመብራቱ የብቻዬን ልክፈል» ብሎ ከመግባቱ በፊት መነጋገር ከገባ በኋላ ከመኳረፍ ይሻላል።

ወንደላጤ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንቃራ አለ። «የምናከራየው ለባለ ትዳር ነው» ይባላል። ሴቷ ስትመጣ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ማን ይጠይቅሻል? ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ወንድም አለሽ? ዲግሪ ይዛ፣ በማኅተም የተቀጠረች ሠራተኛ እንደ ሕፃን ስትጠየቅ ማየት ያሳፍራል። አከራዮቹ ስለ ግቢያቸው ሰላም ነው ይላሉ፤ ሰላም ግን በትዳር ወረቀት አይገኝም። ይህንም ያህል ደግሞ ሴት ሠራተኛ ሰፈር ስትመርጥ ወንዱ የማያስበውን ማሰብ አለባት። ከታክሲው መውረጃ እስከ ቤቱ በር ያለው መንገድ መብራት አለው ወይ? በስተ ግራና ቀኙ የሚከፈት ሱቅ፣ የሚያመሽ ዳቦ ቤት አለ ወይስ አጥር ብቻ ነው? ክፍሉን በቀን በስምንት ሰዓት ያየች ሴት ገና ቤቱን አላየችም። ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል ያንኑ መንገድ በእግሯ ሄዳ ትየው። በከተማው ዳርቻ ደግሞ ከሰው ሌላ ጅብም አለ።

ኪራይ ከአቅም በላይ ሲሆን የተለመደው መፍትሔ ደባልነት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መከራየት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ወዳጅነትንም ይፈትናል። ከዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ያወቁት ጓደኛ ሁሉ ለደባልነት አይሆንም። እዚያ ምግቡን ካፌው ያበስል ነበር፤ መብራቱንም ማንም አይከፍልበትም ነበር። እዚህ ግን ሽንኩርቱን ማን ገዛ፣ ጋዙን ማን ጨረሰ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንድ ደብተር በኩሽናው ምስማር ላይ ሰቅሎ የገዛውን መጻፍ ነውር የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱ ደባል ተዛውሮ ቢሄድ የርሱን ድርሻ ማን ይከፍላል የሚለው አስቀድሞ ይቆረጥ።

ስለ ደላላ ሳይነገር የቤት ነገር አያልቅም። ደላላ አስፈላጊ ሰው ነው፤ ሰፈሩን እንደ መዳፉ ያውቃል። ግን ሲደውል ሁልጊዜ ቤቱ ሊያመልጥ ነው፤ ሁልጊዜ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ የሚጠይቀውን መተው ነው። የድካሙን ዋጋ ስንት እንደሚወስድ፣ ከማንና መቼ እንደሚወስድ ከመነሻው መነጋገር ያስፈልጋል። ቤቱንም በርግጥ የሚያከራየው ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆኑን ሳያዩ ቀብድ መስጠት አይገባም። ካርታውን ወይም የባለቤትነቱን ወረቀት «ላየው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ምንጩን ሳታይ አትመን ብሎ አስተምሮን የለምን?

ከሁሉ የሚገርመን ሕግ ሊያነቡ የሚገባቸው ወጣት ሠራተኞች ስለ ራሳቸው መብት የወጣውን ሕግ አለማንበባቸው ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥም ተመዝግቦ ይጸድቃል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የኪራይ ጭማሪም እንደ አከራዩ ፈቃድ በየሦስት ወሩ የሚደረግ ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክፍያው ደግሞ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል።

በጽሑፍ ያለው ይህ ሲሆን፣ በየግቢው በር ግን ዛሬም «የስድስት ወር ቅድሚያ ካልሆነ» የሚል ይሰማል። ከዚህም በቀር በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይ ጽፈው በእጅ ከፍ ያለ የሚቀበሉ አሉ፤ ምክንያቱ ግብር ነው። ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ይስማማል፤ ክርክር ሲነሣ ግን በእጅ የሰጠው ገንዘብ ምስክር የለውም። «ሕጉን ብጠቅስ ለሌላ ያከራዩታል» ይሉናል። ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አነጋገሩ የክስ አነጋገር ባይሆን ጥሩ ነው። «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤቴ የተመዘገበ ውል ይጠይቀኛል» የሚል ለስላሳ ቃል፣ የአዋጁን ቁጥር በግቢው መኻል ቆሞ ከማንበብ ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል። ለአከራዩም ቢሆን ሁለት ዓመት ተረጋግቶ የሚቀመጥ፣ ወር በገባ ሳይጠየቅ የሚከፍል ተከራይ በየአራት ወሩ ደላላ ከመጥራት የሚያተርፈው መሆኑን ቢነግሩት ይገባዋል።

ከክልል የሚመጣው ሠራተኛ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛውን ሳይዝ እንዳይነሣ። በወረዳው መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይጠየቃል፤ ለአንድ ወረቀት ተብሎ እስከ ጅማ ወይም እስከ ደሴ መመለስ የወሩን ኪራይ ይበላል።

በገቡበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ በወረቀት ጽፎ አከራዩንም ማስፈረም፣ የተሰበረ መስተዋት ወይም የማይዘጋ ቧንቧ ካለ በውሉ ላይ ማስገባት ጥሩ ነው። ስለ ጣሪያ ግን ብዙ መጨነቅ አያሻም፤ ሐምሌና ነሐሴ ለቤት ፍለጋ አስቸጋሪ ወራት ናቸው ቢባልም ለዚህ ግን ይረዳሉ። በመስከረም ተማሪውና ተዛዋሪው ሁሉ አንድ ላይ ሲወጣ ኪራዩ ይንራል፤ አዲስ የተቀባ ግድግዳም የክረምቱን ዕድፍ ይሸፍናል። በነሐሴ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ የሚዞር ቤት ፈላጊ ጫማው ይጨቀያል እንጂ፣ መንገዱ ጎርፍ የሚይዝ መሆኑን፣ ቤቱም ለወንዝ ዳር የቀረበ መሆኑን፣ ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ቀና ብሎ ያያል።